ጋሼ ላፕቶፓቸውን ከፍተው እየጠበቁኝ ነው

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ሲሆን የቅርብ ዘመድ አልነበረኝም። ኤርፖርት መጥተው የተቀበሉኝ፣ ቤታቸው ያሳረፉኝ፣ መንዳት ያስተማሩኝ፣ የመጀመሪያ ሥራዬንም ያገኙልኝ የአባቴ የድሮ ጎረቤት ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። እዚሁ አካባቢ የራሳቸው ጋራዥ አላቸው።

ከዓመት በፊት ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘውን መኪና ገዛሁ። የ2018 ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ነው፤ ያገለገለ፣ ማንዋል ማርሽ። አሁን 68 ሺህ ማይል ሄዷል። ጉልበት እንዲጨምር ቱን ማስደረግ፣ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር ሶፍትዌር ማስቀየር፣ እፈልጋለሁ። በተለይ ትራፊክ ውስጥ ቀስ ብዬ ስነዳ ቶሎ አይመልስልኝም፤ እንደ መንተፋተፍ ያደርገዋል። ከኢንተርኔት ገዝቼ የአየር ፍልትሮውን ከነቱቦው ቀይሬለት ነበር። ድምፁ አሪፍ ሆነ፣ ጉልበቱ ግን ያው ነው።

ሁለት አማራጭ አለኝ። አንደኛው እንደ ኮብ አክሰስፖርት ያለ መሣሪያ ገዝቶ ለመኪናው ሞዴል የተዘጋጀውን ሶፍትዌር ራሴ መጫን ነው። ሁለተኛው ለእኔ መኪና ብቻ ተለክቶ የሚሠራ ቱን ማሠራት ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ለምን ለሰው ትከፍላለህ? ፕሮግራሙን ገዝቻለሁ። በ200 ዶላር እኔው እሠራልሃለሁ» አሉኝ። ጎበዝ መካኒክ ናቸው። ሞተር ማውረድ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ማንም አይደርስባቸውም። ቱን ሲያደርጉ ግን አይቼ አላውቅም። እምቢ ብላቸው ውለታ የረሳሁ ይመስለኛል፤ እሺ ብላቸው ለመኪናዬ እፈራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደውለው «መቼ ነው የምታመጣው?» ሲሉኝ ሰበብ ፈጥሬ አለፍኩ።

ሌላው የእጮኛዬ ነገር ነው። ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ነው። ለመኪናው ብዬ 1,500 ዶላር ለብቻው አስቀምጫለሁ፤ እሷ አታውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ


መልስ፦

ሰላም ወንድሜ። በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

ደብዳቤህ ውስጥ ዓይኔን የያዘችው እንደ ዋዛ ጣል አድርገህ ያለፍካት ነገር ናት። የአየር ፍልትሮውን ከነቱቦው ቀይሬዋለሁ ያልከው። ከጋሼም፣ ከመሣሪያውም፣ ከ1,500 ዶላሩም በፊት እሷን እንይ። የጥያቄህ ግማሽ መልስ እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ከፍልትሮው ቀጥሎ ቱቦው ላይ አንዲት ትንሽ ሴንሰር አለች። ማፍ ይሏታል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትለካው እሷ ናት። የሞተሩ ኮምፒውተር ስንት ቤንዚን ልርጭ ብሎ ሲያሰላ የሚያምነው የእሷን ቃል ነው። ችግሩ ሴንሰሯ የምታየው አጠገቧ የሚያልፈውን አየር ብቻ መሆኑ ነው። ጠቅላላውን የሚያሰላው ኮምፒውተሩ ነው፤ ሲያሰላም ቱቦው ፋብሪካ የሠራው ስፋት አለው ብሎ ነው። አንተ ቱቦውን ቀየርክ፤ ስሌቱን ግን የቀየረው የለም። አዲሱ ቱቦ ሰፋ ካለ የሚገባው አየር ኮምፒውተሩ ካሰበው ይበልጣል፣ የሚረጨው ቤንዚንም ያንሳል።

ቀስ ብለህ ስትነዳ የኦክስጅን ሴንሰሩ ስህተቱን አይቶ ያርማል። እርማቱ ግን ልክ አለው። እስከ ወለሉ በረገጥክ ጊዜ ደግሞ ላይበቃ ይችላል። ቱርቦ እየነፋበት ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ማንኳኳት ይጀምራል። ፒስተን የሚበላው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ያ መንተፋተፍ የጉልበት ማነስ ላይሆን ይችላል። ምናልባት በ60 ዶላር ይሁን በ200 የገዛኸው ቱቦ ነው። ምናልባትም ካንዴላው ነው፤ የዚህ ሞተር ካንዴላ በ60 ሺህ ማይል መቀየር አለበት፣ አንተ ደግሞ 68 ሺህ ላይ ነህ። የቀድሞው ባለቤት ቀይሮት እንደሆነ የሚያሳይ ደረሰኝ አለህ? ከቱርቦው በኋላ ያለ አንድ ላስቲክ አየር እያፈሰሰም ሊሆን ይችላል። አዲሱ ፍልትሮ ዘይት የሚቀባ ዓይነት ከሆነም ዘይቱ ሴንሰሯ ላይ ተለጥፎ ልኬቷን ያበላሻል። ከእነዚህ አንዱ ባለበት መኪና ላይ የቱንም ሶፍትዌር ብትጭን፣ ዝግጁውንም ይሁን የተለካውን፣ ችግሩን በበለጠ ግፊት ትነፋዋለህ እንጂ አታጠፋውም።

የድሮው የፍልትሮ ሳጥን አለ? ካልጣልከው ዛሬውኑ መልሰው። ድምፁ ይናፍቅሃል፤ ይሁን። 93 ኦክቴን፣ ፕሪሚየሙን ቤንዚን፣ ሞልተህ ለጥቂት ቀናት ንዳውና መንተፋተፉ ሄዶ እንደሆነ እይ። ከሄደ ደግሞ ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ። አሁንም ጉልበት እፈልጋለሁ ወይስ የፈለግኩት መኪናው ሲረገጥ እንዲመልስልኝ ብቻ ነበር? ሁለቱ ይለያያሉ። ሁለተኛው ከሆነ 1,500 ዶላርህ እጅህ ላይ ቀረች ማለት ነው።

አይ፣ አሁንም እፈልጋለሁ ካልክ ደግሞ አልፈርድብህም። መኪና የሚወድ ሰው ይገባኛል። ታዲያ ምን እየገዛህ እንደሆነ እንይ።

ሱባሩ የአንተን ሞተር 268 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነው ያወጣው። ከዚያ በላይ መስጠት ስለማይችል አይደለም። ያው ሶፍትዌር አሪዞና በረሃ ላይ ለሚነዳው፣ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ዴንቨር ለሚኖረው፣ ዘይት መቀየር ለሚረሳው፣ ፕሪሚየም ቅዳ እየተባለ ሬጉላር ለሚቀዳው ሁሉ መሥራት አለበት። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ትርፍ ይተዋሉ። ቱን ማድረግ ያንን ትርፍ መጠቀም ነው። የቱርቦው ግፊት ይጨመራል፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት ቀደም ይላል፣ የቤንዚን መርገጫው ምላሽ ይፈጥናል። የተበላው ትርፍ ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ አይኖርም። መጥፎ ቤንዚን የቀዳህ ቀን፣ በነሐሴ ሙቀት አውራ ጎዳና 395 ላይ መንገድ ተዘግቶብህ ቆመህ በድንገት የረገጥክ ቀን ማለቴ ነው።

ዝግጁው ሶፍትዌር፣ ስቴጅ 1 የሚሉት፣ ምንም ያልተነካ መኪና ላላቸው ነው የተሠራው። አምራቹ ለማያውቃቸው ብዙ ሰዎች ስለሚሸጠው ጠንቀቅ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ከሞተሩ የመጨረሻዋን ጠብታ ለመጭመቅ አይሞክርም። ማፑ፣ የሚጫነው ፋይል ማለት ነው፣ በቤንዚኑ ኦክቴን ይለያያል። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ማደያ ሄዶ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ 91 ነው። አንተ ጋ 93 አለ፤ ይህ ዕድል ነው። ግን የ93 ማፕ ጭነህ ደመወዝ እስኪወጣ ብለህ ሬጉላሩን 87 ብትቀዳ ሞተሩ አይምርህም። እና ልብ በል፣ ያ ከኢንተርኔት የገዛኸው ቱቦ በዝግጁው ማፕ ስሌት ውስጥ የለም። ይህን መንገድ ከመረጥክ የፋብሪካው ሳጥን ተመልሶ መግባቱ ግዴታ ነው።

ለአንድ መኪና ብቻ የሚሠራው ቱን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መኪናውን ዳይኖ ላይ አውጥቶ፣ ጎማው እየተሽከረከረ ጉልበቱ እየተለካ የሚሠራ ነው። ሌላው በርቀት ነው። መንገድ ላይ ነድተህ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ሎግ ትልካለህ፣ ባለሙያው አይቶ የተስተካከለ ፋይል ይልክልሃል፣ ደግመህ ትነዳለህ፣ ደግመህ ትልካለህ። ሲያምር በጣም ያምራል። መኪናህ ላይ ያለውን ዕቃ፣ የምትቀዳውን ቤንዚን፣ የሰፈርህን አየር ያውቃል። ፍልትሮ፣ ጭስ ማውጫ፣ ቱርቦ ለቀየረ ሰው ሌላ ምርጫ የለም ማለት ይቻላል። ጥሩነቱ ግን ሙሉ በሙሉ በሠራው ሰው ልክ ነው። ጀርባው ላይ የአምራች ኩባንያ ሙከራ የለም፤ ያለው የአንድ ሰው ዓይንና ልምድ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ደግሞ ዋጋው ላይ ነው። ሁለቱን እንደ ተቃራኒ መንገድ አስቀመጥካቸው። ሱባሩ ላይ ግን በርቀት የሚሠሩት ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ፋይላቸውን የሚያስጭኑህ በዚያው አንተ ልትገዛው ባሰብከው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከ700 ዶላር በላይ ነው፤ ቱኑ ደግሞ በመቶዎች ዶላር ለብቻው ይከፈላል። ስለዚህ መሣሪያውን መግዛት በር አይዘጋብህም። ዛሬ በዝግጁው ጀምረህ ከዓመት በኋላ ብትፈልግ ወደ ተለካው ትሄዳለህ። ያገለገለ መሣሪያ ርካሽ አግኝተህ ከሆነ ግን ከመክፈልህ በፊት ከቀድሞው መኪና መላቀቁን አረጋግጥ። አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ለአንድ መኪና ብቻ ነው፤ ሳይላቀቅ ከገዛኸው ለአንተ አይሠራም።

መሣሪያው ሌላም ጥቅም አለው፤ እኔ እንደውም ከጉልበቱ ይበልጥ የምወደው ይህን ነው። የሞተሩን ውስጥ ያሳይሃል። ዳም የሚባል ቁጥር አለ፤ ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። ሞተሩ እያንኳኳ መሆኑን ኮምፒውተሩ ሲሰማ እሳቱን ያዘገይና ይህን ቁጥር ያወርደዋል። ጤነኛ መኪና ላይ 1 ላይ ይቆማል። ጉልበት ከመጨመርህ በፊት በፋብሪካው ሶፍትዌር እየነዳህ ይህን ቁጥር ተመልከት። ከ1 በታች ከሆነ አቁም፤ መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለአሁኑ መኪናህ፣ ሳጥኑን መልሰህ፣ ጤንነቱ ተረጋግጦ፣ ዝግጁው ስቴጅ 1 ይበቃሃል። የተለካው ቱን ዕቃ መቀየር የጀመርክ ዕለት ይምጣ።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። ከሶፍትዌሩ ይልቅ እንቅልፍ የነሳህ ይህ ይመስለኛል።

ፍርሃትህ ትክክል ነው፤ በእሱ አትፈር። ሞተር ማውረድና ቱን ማድረግ ሁለት ሙያ ነው። በአንዱ የተካነ ሰው በሌላው ጀማሪ ቢሆን ነውር የለውም። እሳቸው ሊያታልሉህ አይደለም፤ ምናልባት አዲሱን ነገር ለመሞከር ጓጉተዋል፣ ምናልባትም ገንዘብህ እንዳይባክን አስበዋል። ሁለቱም የፍቅር ነው። ግን ፍቅር ሎግ አያነብም። ከአንተ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት መኪና ሠርተው ያውቃሉ? ዳይኖ ከሌለ ውጤቱን በምን ይለኩታል? ቤንዚንና አየሩ የተመጣጠነ መሆኑን የሚያዩበት መሣሪያ ገዝተዋል?

ከእነዚህ ሁሉ የከበደው ግን ይኼኛው ነው። ሞተሩ ቢሰበር ማን ይከፍላል? የማታውቀው ባለሙያ ቢሆን ውል አለ፣ ደረሰኝ አለ፣ መጨቃጨቅ ይቻላል። ጋሼን ግን «የሞተር ዋጋ ያምጡ» አትላቸውም። እሳቸውም አንተን ባዩ ቁጥር ያፍራሉ። ዝም ትላለህ፣ ዝም ይላሉ፣ ቀስ በቀስ መጠያየቁ ይቀራል። ኤርፖርት ድረስ መጥተው የተቀበሉህን ሰው በ200 ዶላር ሥራ ልታጣቸው ትችላለህ። ስለዚህ እምቢታህ ውለታ መርሳት አይደለም። ዝምድናችሁን እየጠበቅክ ነው።

እምቢ ስትል ግን ባዶ እጅህን አትሂድ። ለእሳቸው የሚሆን ትልቅ ሥራ አለ፤ ከላይ የዘረዘርኩት ምርመራ። የአራቱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን መለካት አለበት። ቱርቦው የሚያፈስበት ቦታ ካለ በጭስ መፈተሽ አለበት። ካንዴላውም አለ፤ የሱባሩ ሞተር በጎኑ የተኛ ስለሆነ ካንዴላዎቹ ግራና ቀኝ ከሻንሲው ጋር ተፋጠው ነው ያሉት፣ ለማውጣት የለመደ እጅ ይፈልጋሉ። ይህ የጋሼ ሜዳ ነው። የጋራዡን ዋጋ ሙሉ ክፈላቸው። ቅናሽ ቢያደርጉልህ እንኳ ተከራከር።

በስልክ አይሁን። ደንበኛ በቆመበትም አይሁን። ጋራዡ ሊዘጋ ሲል ሂድና ለምሳሌ እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። መጀመሪያ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን እርስዎ ያረጋግጡልኝ። ከእርስዎ ሌላ ማንም እንዲፈታው አልፈልግም።» ምንም ውሸት የለበትም። «ላፕቶፑስ?» ብለው ቢገፉህ እውነቱን ንገራቸው፦ «አንድ ነገር ቢበላሽ በእኔና በእርስዎ መካከል ነገር እንዳይገባ ፈራሁ።» ለደቂቃ ፊታቸው ሊጠቁር ይችላል። ቻለው። የአባትህ ጎረቤት ናቸው፤ ይህ ቋንቋ ይገባቸዋል። የቅዳሜውን ሰበብ ግን አትድገመው። የሚያስከፋቸው እምቢታው ሳይሆን መሸሽህ ነው። እንደውም መማር ከፈለጉ፣ ዝግጁውን ስትጭን አብረው ቁጭ ብለው ሎጉን ይዩ።

ስለ እጮኛህ ብዙ አልልም። ገንዘቡ የራስህ ላብ ነው። ግን ለምን አልነገርካትም? «አይሆንም» ትለኛለች ብለህ ነው ወይስ አንተም ውስጥህ አላመነበትም? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጠው። ከሠርጉ በፊት የሚነገር ከሆነ፣ ዋጋውን ሳታሳንስ ሙሉውን ንገራት። ጉልበት ሲጨመር መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ፍሪሲዮን ነው። 68 ሺህ ማይል የሠራ ፍሪሲዮን አዲሱን ጉልበት መሸከም አቅቶት መንሸራተት ሊጀምር ይችላል፤ ማስቀየሩ ደግሞ ከሺህ ዶላር በላይ ይወስዳል። 1,500ዋ በአንዴ አለቀች ማለት ነው። እኔ ብሆን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ምርመራውንና ካንዴላውን ብቻ አሠርቼ ሶፍትዌሩን ከሠርጉ በኋላ አደርገዋለሁ። መኪናው የትም አይሄድም።

ሌላው እዚያው ቨርጂኒያ ላይ ያለ ነገር ነው። ከ85 ማይል በላይ፣ ወይም ከተፈቀደው 20 ማይል አልፈህ ከተያዝክ፣ ተራ ቅጣት አይደለም፤ ሬክለስ ድራይቪንግ የሚባል ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያለው። ዜግነት ለማመልከት የምታስብ ከሆነ ይህ መዝገብህ ላይ እንዲገባ አትፈልግም። መርገጥ ካማረህ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ አለ፤ ተመዝግበህ በሕጋዊ መንገድ የልብህን ታደርሳለህ። ለኢንሹራንስህም መኪናው መቀየሩን አሳውቅ፤ አደጋ ደርሶ ካሳ ስትጠይቅ በኋላ ሰበብ እንዳይሆንብህ።

ዋራንቲውን አላነሳሁም፤ የሱባሩ የሞተር ዋራንቲ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ነው፣ አንተ ሁለቱንም አልፈሃል። ጭስ ማውጫ ግን አስብበት። ጓደኞችህ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን አውጣውና ስቴጅ 2 ግባ» ይሉህ ይሆናል፤ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ዕቃ ማለታቸው ነው። እሱን ማውጣት በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የኤሚሽን (የጭስ) ፈተና ከሚያስገድዱት የሰሜን ቨርጂኒያ ከተሞች አንዷ ናት፤ ያንን ሳታልፍ ምዝገባህን አያድሱልህም። ለስቴጅ 1ም ቢሆን ቀኑን አስተውል። ሶፍትዌር ስትጭን ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ ያደረገው የፍተሻ መዝገብ ይጠፋል። ከተማም አውራ ጎዳናም ለጥቂት ቀናት ሲነዳ ነው ተመልሶ የሚሞላው። ጭነህ በማግስቱ ፈተና ብትሄድ ምንም ጥፋት የሌለበትን መኪና ይመልሱብሃል። ስለዚህ የፈተናህ ቀን ከተቃረበ መጀመሪያ ፈተናውን ጨርስ፣ ከዚያ ጫን።